ወደ ታች የሚወረድበት ማማ

የፖይንት ሬይስ ገደል አፋፍ ላይ የሚነገረው ደንብ አጭር ነው፤ ነፋሱ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ካለፈ ደረጃው ይዘጋል። ዛሬ አልተዘጋም፤ ግን ብዙም የቀረው አይመስልም። ከመኪና ማቆሚያው እዚህ በሚያደርሰው የእግር መንገድ ዳር የበቀሉት የፈረንጅ ጥዶች ዘመናቸውን ሁሉ ከአንድ ወገን ሲገፉ ስለኖሩ ጎብጠው መንገዱ ላይ ተደፍተዋል። ከሳን ፍራንሲስኮ ወደዚህ ጫፍ ለመድረስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚህ በኋላ ያለው ውኃ ብቻ ነው።

ከፊታችን እናትና ልጅ የብረቱን አጥር ይዘው ቆመዋል። የመጡት ከኦክላንድ ነው። እናትየው ነጠላቸውን በወፍራም ጃኬት ላይ ደርበው፣ ጫፉን ነፋስ እንዳይወስድባቸው አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል።

«ታዲያ ማማው የታለ?» አሉ ወደ ሰማይ እያዩ።

«ወደ ታች እዪ እማዬ። ያው፣ ያቺ ቀይ ጣሪያ።»

«ከእኛ በታች? ማማ ከሰው በታች ይሆናል እንዴ?»

ልጅቱ ሳቀች። «አንቺ እዚሁ ብትጠብቂን አይሻልም? ሲመለሱ እኮ ዳገት ነው።»

«እንጦጦ ማርያምን በእግሬ ስሳለም የኖርኩ ሰው ነኝ። ለዚያውም ደረጃ ተሠርቶልኝ!» አሉና ቀድመው መውረድ ጀመሩ።

ደረጃው 313 ነው። ቁልቁለቱ ከ30 ፎቅ ሕንፃ ጋር ይስተካከላል። ከሥር ያለው ማማ ግን 11 ሜትር ብቻ ቁመት ያለው፣ 16 ጎን ያለው የብረት ቤት ነው፤ ከሦስት ፎቅ ቤት አይበልጥም። የእናትየው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ስለ ባሕር መብራት ማማ ስናስብ የሚታየን ረጅም፣ ሰው አንጋጦ የሚያየው ግንብ ነው። ይኸኛው ለምን አጭር ሆነ? ለምንስ ከአፋፉ በታች ተቀበረ? መልሱን ፍለጋ ከተነሣን የቦታውን ታሪክ፣ የጉሙን ጠባይ፣ የሌንሱን ጥበብና የሠራተኞቹን ሌሊት ሁሉ መንካታችን አይቀርም።

መርከብ የሚበላ ጫፍ

ፖይንት ሬይስ ከካሊፎርኒያ የባሕር ጠረፍ ተነጥሎ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የገባ የመሬት ክንድ ነው። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገባም ሆነ ከዚያ የሚወጣ መርከብ ይህን ክንድ መዞር አለበት። በጠራ ቀን አያስቸግርም። ችግሩ የጠራ ቀን ብዙ አለመሆኑ ነው፤ ቦታው በሰሜን አሜሪካ ጉም ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ በፓስፊክ ጠረፍ ደግሞ ከሁሉ በላይ ነፋስ የሚበረታበት ነው። እዚህ የተመዘገበው ከፍተኛ የነፋስ ፍጥነት በሰዓት 214 ኪሎ ሜትር ደርሷል።

በእነዚህ ውኆች ከሰጠሙት ቀዳሚዋ የስፔን መርከብ ሳን አጉስቲን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1595 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካፒቴን ሴባስቲያን ሮድሪጌዝ ሴርሜኞ እየተመራች፣ ከማኒላ የቻይና ሸክላና ሌላም ዕቃ ጭና ስትመጣ፣ ዛሬ ድሬክስ ቤይ በሚባለው ወሽመጥ ማዕበል ሰበራት። የተረፉት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ወደ ሜክሲኮ ተመለሱ። ሰማያዊና ነጭ የሸክላ ስብርባሪ ግን በአካባቢው ነባር ነዋሪዎች፣ በኮስት ሚዎክ ሕዝብ የመንደር ፍርስራሾች ውስጥ ከመቶ ዓመታት በኋላም ሲገኝ ኖሯል። ከዓመታት በኋላ፣ ጥር 6 ቀን 1603፣ ሌላው ስፔናዊ መርከበኛ ሴባስቲያን ቪዝካይኖ በዚሁ ሲያልፍ ቀኑ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሦስቱን የጥበብ ሰዎች የምታስብበት በዓል ነበርና ጫፉን በእነሱ ስም ሰየመው። ሰብአ ሰገልን በኮከብ የተመሩ አድርገን ለምናውቃቸው ሰዎች፣ መብራት አጥቶ መርከብ ሲሰብር የኖረ ቦታ በእነሱ ስም መጠራቱ ግጥምጥሞሹ አይጠፋንም።

በ1840ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ሲገኝ የመርከቡ ቁጥር በአንድ ጊዜ ናረ። በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የመጀመሪያው ዘመናዊ የባሕር መብራት በ1854 አልካትራዝ ደሴት ላይ በራ። ለፖይንት ሬይስም የታሰበው በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ነበር። ነገር ግን መሬቱ የግል ነበርና ባለቤቶቹና መንግሥት በዋጋ ሳይስማሙ ዓመታት አለፉ። የመሬት ክርክር እንዴት እንደሚጓተት ለእኛ ማንም አይነግረንም። በዚህ መሐል መርከቦች መሰበራቸውን ቀጠሉ፤ ከነጭነታቸውና ከነሰዋቸው የክርክሩን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ነበሩ።

በመጨረሻ መሬቱ ሲገዛ ዕቃው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። የሌንሱ መስታወትና የሚያዞረው መሣሪያ በ1867 ፈረንሳይ ውስጥ ተሠርተው፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዞረው በመርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ። ከዚያ ብረቱም መስታወቱም ድሬክስ ቤይ ላይ ተራገፈ፤ በበሬ ጋሪ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በኮረብታ ላይ ተጎትቶ፣ ከባሕር 180 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው አፋፍ ደረሰ። እዚያ ቢተከል ሥራው ባለቀ ነበር። ሠራተኞቹ ግን ገደሉን በፈንጂ እየሰበሩ ወደ ታች መሬት ሲደለድሉ ነበር። ማማው 84 ሜትር ላይ ተተክሎ በቋጥኙ ውስጥ በብረት ችንካር ታሰረና ታኅሣሥ 1 ቀን 1870 ለመጀመሪያ ጊዜ በራ።

ለምን ዝቅ አለ?

ከደረጃው ግማሽ ላይ ቆመው ትንፋሽ የሚሰበስቡ ሰዎች መልሱን በዓይናቸው ያገኙታል። ከላይ አፋፉ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ከሥር ግን የባሕሩ ገጽ፣ ነጭ አረፋው፣ ሩቅ ያለች አንዲት የጭነት መርከብ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ጉሙ የሚመጣው ከውኃው ቅዝቃዜ ነው። በተለይ በፀደይና በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የባሕሩን የላይኛውን ውኃ ከጠረፉ ያርቀዋል፤ በእሱ ፋንታ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። ከውቅያኖሱ የሚመጣው እርጥብ አየር በዚህ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲያልፍ እርጥበቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። ይህ ጉም ብዙ ጊዜ ባሕሩ ላይ አይተኛም። ከውኃው ከፍ ብሎ ይንሳፈፍና የተራራውን አናት ይሸፍናል። አፋፉ ላይ የተተከለ መብራት ደመና ውስጥ ሲበራ ያድር ነበር ማለት ነው። ዝቅ ያለው መብራት ግን ከደመናው በታች ሆኖ ይታያል።

ይህ ዕውቀት በነጻ አልተገኘም። እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ላይ፣ ፖይንት ሎማ የተባለው ማማ በ1855 የተሠራው ከባሕሩ ከ120 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ነበር። ቦታውን ለመረጠው ሰው ከዚያ የተሻለ አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ነዋ! ጉሙና ዝቅ ያለው ደመና ግን መብራቱን እየጋረዱ አስቸገሩ። በ1891 ማማው ተዘግቶ ከኮረብታው ግርጌ፣ ከውኃው አጠገብ፣ ሌላ ተተካለት። ሁለቱም ዛሬ አሉ፤ አሮጌው ለጎብኚ ክፍት ነው።

የሁለቱ ማማዎች ልዩነት አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ቦታው ሲመረጥ የታየው በማን ዓይን ነው? የብስ ላይ የቆመ ሰው ከፍታን ይመርጣል። በመርከብ ላይ ያለው ሰው የሚፈልገው የሚያየውን ብቻ ነው። ፖይንት ሬይስ የተሠራው በሁለተኛው ሰው ዓይን ነው። ከዚህ በኋላ ውስጥ ገብተን የምናየው ሁሉ፣ መስታወቱም ክብደቱም የጠባቂዎቹ ሰዓትም፣ የተለካው በዚያው ዓይን ነው።

አንድ ነበልባል፣ ከሺህ በላይ መስታወት

በማማው በር ስንገባ የነፋሱ ጩኸት ተቆረጠ። የሌንሱ ክፍል በሠራተኛ ታጅበው ካልሆነ አይገባበትም፤ አስጎብኚው ጥቂት ጥቂት ሰው እያደረገ ያስገባል። ከጠባቡ የብረት ደረጃ በላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የመስታወት ቤት ቆሟል። ከሺህ በላይ በሆኑ የተሞረዱ መስታወቶች የተገጣጠመ ነው፤ በነሐስ ፍሬም ተይዟል። እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ለአፍታ ዝም አሉ።

«ይኼ ሁሉ ለአንድ መብራት?» አሉ በመጨረሻ።

አዎ፣ ለአንድ መብራት። በ1870 በዚህ መስታወት መካከል የነበረው አራት ክር ያለው፣ የአሳማ ስብ ዘይት የሚነድበት ፋኖስ ነው። ብቻውን ቢሆን ከጥቂት ኪሎ ሜትር በላይ ለመርከብ የሚረባ ብርሃን አይሰጥም። ምክንያቱ የነበልባሉ ማነስ ብቻ አይደለም። ነበልባል ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይረጫል፤ ወደ ሰማይ፣ ወደ ወለል፣ ወደ ኋላው ገደል። መርከቧ ያለችው ግን በአንድ ቀጭን አግድም መስመር ላይ ነው፤ ባሕርና ሰማይ በሚገናኙበት። ሌላው ሁሉ ብክነት ነው።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፊት ይህን ብክነት ለመቀነስ የሚሞከረው ከነበልባሉ ጀርባ የተወለወለ የብረት መስታወት በማቆም ነበር። ብረቱ ግን ከብርሃኑ ብዙውን ራሱ ይውጠዋል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅና መሐንዲስ ኦጉስታን ፍሬኔል በሌላ መንገድ ሄደ። ወፍራም አጉሊ መነጽር ብርሃንን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ መላክ ይችላል፤ ችግሩ ለማማ በሚሆን መጠን ቢሠራ ክብደቱ አይቻልም፣ ውፍረቱም ብርሃኑን ያስቀራል። ፍሬኔል ያስተዋለው ብርሃን የሚታጠፈው መስታወቱ ገጽ ላይ መሆኑን ነው። እንግዲያው የመሐሉ ውፍረት ትርፍ ነው። ያን ትርፍ አውጥቶ የገጹን ጥምዝ ብቻ፣ በጠባብ በጠባብ ቀለበት፣ ከመሐል ወደ ዳር ደረደረው። ለሁለት የተቆረጠ ሽንኩርት ያየ ሰው የእነዚህን ቀለበቶች አቀማመጥ አይቶታል። ከመሐሉ ከፍና ዝቅ ያሉት ቀለበቶች ደግሞ ባለ ሦስት ጎን መስታወቶች ናቸው፤ ወደ ሰማይና ወደ ወለል ሊያመልጥ የነበረውን ብርሃን ውስጣቸው አንጥረው ወደዚያው አግድም መስመር ይመልሱታል።

የመጀመሪያው የፍሬኔል ሌንስ በ1823 ከፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ ባለው የኮርዱዋን ማማ ላይ በራ። ፍሬኔል ከአራት ዓመት በኋላ፣ ገና በ39 ዓመቱ፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። አሜሪካ ሌንሱን ለመቀበል ዘገየች፤ ለብዙ ዓመታት የማማዎቹን በጀት የያዙት ሹማምንት ርካሹን የብረት መስታወት መርጠው ኖሩ። ነገሩ የተለወጠው በ1852 ሥራው ለባለሙያዎች ቦርድ ከተሰጠ በኋላ ነው። የፖይንት ሬይሱ አንደኛ ደረጃ ይባላል፤ ሌንሶቹ በመጠን ሲመደቡ ከትልቆቹ ወገን ነው። በጠራ ሌሊት ብርሃኑ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይታይ ነበር።

መታየት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ካፒቴኑ ያየው መብራት የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ከዚህ በስተደቡብ ፋራሎን ደሴቶች ላይም ማማ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ማማ የራሱ የብልጭታ ስልት ተሰጠው። የፖይንት ሬይሱ ሌንስ 24 ገጽ አለው፤ አንድ ዙር ለመዞር 2 ደቂቃ ይፈጅበታል። 120 ሰከንድ ለ24 ሲካፈል በየ5 ሰከንዱ አንድ ብልጭታ ይሆናል። በባሕር ላይ ያለው ሰው ሰዓቱን ይዞ ይቆጥራል፤ አምስት ከሆነ ያለበትን አወቀ። ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያገለገለ አንባቢ ካለ ይህ ቆጠራ አዲስ አይሆንበትም።

የሌሊቱ ሥራ

አስጎብኚው ከሌንሱ ሥር ያለውን የነሐስ ማሽን ሊያሳየን ጎንበስ አለ። ጊሮቹ ከ1867 ጀምሮ ያሉት ናቸው። የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ወይም በእንፋሎት አይደለም። በገመድ የተንጠለጠለ 77 ኪሎ ግራም ክብደት አለ፤ ጠባቂው በእጅ አዙሮ ወደ ላይ ያወጣዋል። ሲለቀቅ በወለሉ ቀዳዳ አልፎ 5 ሜትር ያህል ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሲወርድ ጊሮቹን፣ ጊሮቹም ያን ግዙፍ መስታወት ያዞራሉ። ክብደቱ መሬት ለመድረስ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያን ጊዜ የሚያነሣው ሰው ከሌለ ሌንሱ ይቆማል። የቆመ ሌንስ ደግሞ ከጨለማ የባሰ ነው፤ መብራቱ እየታየ ብልጭታው ስለሌለ ካፒቴኑን ሌላ ማማ ያየ ያስመስለዋል።

ስለዚህ ሰው ያድራል። አንድ ኃላፊና ሦስት ረዳቶች ነበሩ፤ ሥራውን በስድስት ስድስት ሰዓት ፈረቃ ተከፋፍለውታል። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት ተረኛው ወርዶ ፋኖሱን ይለኩሳል፤ ክብደቱን ያወጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ክሩን እየከረከመ ጥቀርሻ እንዳይበዛ ይጠብቃል። ጠዋት ሥራው አያልቅም። ጥቀርሻው ከመስታወቱ ይጠረጋል፤ ነሐሱ ይወለወላል። የልብስ ቁልፍ መስታወቱን እንዳይጭረው የበፍታ ሽርጥ ይለበሳል። ከዚያ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ምክንያቱም ብርሃን በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ነበልባሉን ወደ ባሕር የሚልከው ሌንስ የቀን ፀሐይን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ቢያስገባ ክፍሉን ሊያቃጥል ይችላል።

መኖሪያቸው ከላይ አፋፉ ላይ ነበር። ዛሬ የምንወርድበት የኮንክሪት ደረጃ የተሠራው በ1939 ነው፤ ከዚያ በፊት በእንጨት ደረጃ፣ ነፋሱ ሲከፋ በእጅና በእግር እየዳሁ ይወርዱ ነበር። ጉሙ ለሳምንታት ሳይገለጥ ይቆያል። ጎረቤት የሚባለው ራቅ ብለው የሚኖሩ ላም አርቢዎች ናቸው። የጣቢያው መዝገብ በ1889 መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ረዳት አእምሮው ታውኮ ኦሌማ ለምትባለው መንደር ፖሊስ መሰጠቱን ከዕለታዊው ሥራ ጋር አንድ ላይ አስፍሮታል። ሐተታ የለውም። ያን ሌሊት ክብደቱን ሌላ ሰው ማንሣት ነበረበት፤ ለመዝገቡ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ብርሃን የማይበሳው ጉምም አለ፤ እስከ ውኃው የሚወርደው ዓይነት። ለእሱ ከማማው ዝቅ ብሎ ሌላ ቤት ተሠርቶ በእንፋሎት የሚጮህ መለከት ተተከለ። ዓይን ሲከዳ ጆሮ እንዲተካ ነው። እንፋሎት ውኃና ድንጋይ ከሰል ይፈልጋል፤ ከሰሉ በገደሉ ላይ ወደ ታች መጋዝ ነበረበት፤ ለውኃው ደግሞ ከላይ ሰፊ የሲሚንቶ ሜዳ ተለስኖ ዝናብ ይጠራቀም ነበር። በጉም ወቅት መለከቱ ሌትና ቀን ይጮኻል። የፈረቃው ሰው እንቅልፉን የሚተኛው በዚያ ጩኸት መካከል ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ያህል የጠበቀ ልማድ እንደሆነ የታየው ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ጎህ ሲቀድ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። ፖይንት ሬይስ ያለበት መሬት ከቀረው ካሊፎርኒያ በሳን አንድሪያስ ስንጥቅ የተለየ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ከነማማው 5 ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሸሸ። ሌንሱ ከሐዲዱ ወጣ፤ አልተሰበረም። ማለዳ ስለነበር መብራቱ ሊጠፋ የቀረው 13 ደቂቃ ብቻ ነበር። ጠባቂዎቹ ቀኑን ጠግነውት ዋሉ፤ የዚያን ዕለት ማታ ሳን ፍራንሲስኮ እየነደደች ሳለ ፖይንት ሬይስ በሰዓቱ በራ። በዚያ ምሽት በባሕር ላይ የነበረ መርከብ አንድ ነገር እንደተፈጠረ ከዚህ መብራት ሊያውቅ አይችልም ነበር።

መርከብ የማይፈልገው መብራት

ኤሌክትሪክ ወደ ጫፉ የደረሰው በ1938 ነው። በ1975 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል ከማማው አጠገብ ሰው ሳያስፈልገው በራሱ የሚበራ መብራት ተከለ፤ ለ105 ዓመት የሠራው ሌንስ ጡረታ ወጣ። ማማው በ1962 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፊርማ ለተቋቋመው የፖይንት ሬይስ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ፓርክ ተላለፈ።

ብረት ግን በጨው አየር ውስጥ ዝም ብሎ አይቆይም። በ2018 ማማው ተዘግቶ ከአንድ ዓመት በላይ ተጠገነ፤ ወጪው 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2019 መገባደጃ ሲከፈት መስታወቱ ጸድቶ፣ ማሽኑ ታድሶ፣ ጣሪያው ተቀብቶ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ሌንስ ዛሬ አንድም መርከብ አይመራም።

ወደ ላይ ስንመለስ እናትየው በየማረፊያው እየቆሙ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ፣ ሌሎች ጎብኚዎች «ቅደሙ» እየተባሉ ወጡ። የደከማቸው ግን እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ወጣቶቹም ወገባቸውን ይዘው ነበር። አንድ ማረፊያ ላይ ልጅቱ ወደ ባሕሩ ጠቆመች፤ የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ነጭ ሆኖ ተነሣና ጠፋ። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በጥር ወደ ሜክሲኮ ሞቃት ወሽመጦች ለመውለድ ሲወርዱ፣ በመጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ግልገሎቻቸውን ይዘው ወደ አላስካ ሲመለሱ በዚህ ጫፍ ሥር ያልፋሉ። ለእነሱም ይህ ክንድ መዞር ያለበት ነው።

መሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር እንንገር። ፓርኩ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ማማው የሚከፈተው በሳምንቱ የተወሰኑ ቀናት ስለሆነ የዕለቱን ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል፤ ነፋስ ከበረታ ሩቅ ተጉዞ መጥቶ መመለስ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ፀሐይ ቢሆንም ወፍራም ልብስ ይያዝ። መንገዱ የሚያልፈው በቆዩ የወተት ላም እርባታዎች መሐል ነው፤ በ2025 መጀመሪያ በተደረሰ ስምምነት አብዛኞቹ አርቢዎች ፓርኩን እንዲለቁ ስለተወሰነ ይህ ገጽታ እየተለወጠ ነው። የስልክ ኔትወርክ ደግሞ ከጫፉ ብዙ ሳይቀርብ ይጠፋል፤ ካርታውን ቀድሞ ስልክ ላይ መጫን ያስፈልጋል።

ኔትወርክ ቢጠፋም በስልኩ ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ከእኛ ጋር መንቀሳቀሷን አላቆመችም፤ ያለንበትን የምትነግረን ከሳተላይት ነው። የዛሬ መርከቦችም መንገዳቸውን የሚያገኙት በዚሁ ነው። እነዚያን ሳተላይቶች ኮሎራዶ ውስጥ በሚገኝ የጦር ሰፈር ሌትና ቀን በፈረቃ የሚከታተሉ ሰዎች አሉ፤ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉ፣ ከመስመር የወጣውን የሚመልሱ። ስማቸውን አናውቅም፤ ሥራቸውም ዓይን ውስጥ አይገባም። ነጥቧ ስትሳሳት ብቻ እንናደዳለን። ፖይንት ሬይስ ላይ የወጣው 5 ሚሊዮን ዶላር ለእኔ የሚገባኝ በዚህ በኩል ነው። የኮሎራዶውን ፈረቃ ሄደን ማየት አንችልም፤ ይኸኛውን ግን ከነገመዱ፣ ከነክብደቱ፣ ከነሽርጡ ማየት እንችላለን። ባሕር ላይ ላለ፣ ለማያውቁት ሰው ሲሉ በየ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃው የተነሡ ሰዎች እንደነበሩ ያየ ሰው፣ ዛሬም እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዳሉ ለመጠርጠር ይቀርበዋል።